ነጩ መስኮት ይነሳ ላሉት ክቡር ሰብሳቢ

ለሰፈራችን የሕንፃ ገጽታ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፦

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ እንዴት ሰነበተ? አንገትዎስ? ባለፈው ማክሰኞ ከአራት የኮሚቴ አባላት ጋር ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው የእግረኛ መንገድ ላይ ቆመው ወደ ሁለተኛው ፎቅ ሽቅብ ሲያንጋጥጡ ሃያ ደቂቃ ያህል ስለቆዩ፣ እኛ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን ስለ አንገትዎ ስንሳቀቅ ነበር። እርስዎ ደህና ከሆኑ እኛ ከልክ በላይ ደህና ነን፤ ምክንያቱን እነሆ።

ደብዳቤዎ ደርሶናል። ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት ሁሉ እንጨት ይሁን የሚለውን መመሪያ ጠቅሶ፣ «ከሳሎኑ ሁለት መስኮቶች ቡናማው የእንጨት መስኮት የሰፈሩን ውበት የሚያጎላ ስለሆነ ባለበት እንዲቀጥል፣ ነጩ የፕላስቲክ መስኮት ግን በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲነሳ» ያዛል። ማኅተሙ ቀጥ ብሎ አርፏል፣ ፊርማዎም ዓይን ይማርካል። ከይቅርታ ጋር አንዲት ኢምንት ነገር ብቻ ላንሳ፦ ቡናማው ፕላስቲክ ነው። ነጩ እንጨት ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። አሮጌዎቹ መስኮቶች በስብሰው ዝናቡ እንደ እንግዳ ሶፋው ላይ መቀመጥ ሲጀምር ቤታችን ለሁለት ተከፈለ። ባለቤቴ ፕላስቲክ አለች፤ በየዓመቱ ቀለም አይለምን፣ ዝናብ አያሳብጠው፣ የመንገዱንም ጥሩምባ ድርግም አድርጎ ይዘጋል ብላ። አብረውን የሚኖሩት አባቷ፣ ዕድሜያቸውን በአናጺነት የጨረሱት አማቴ፣ እንጨት አሉ፤ ቢያብጥ ይላጋል፣ ቢሰነጠቅ ይጠገናል፣ ፕላስቲክ ግን የተሰበረ ዕለት ከማዘን በቀር መድኃኒት የለውም ብለው። እኔ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ በማለቴ በሁለቱም ወገን ተኮረፍኩ። በኋላ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ መስኮት ተሰጣቸውና አንድ ክረምት ይፈተን ተባለ። ለዚሁ ሙከራ ፈቃድ እንዲሰጡን አመልክተን ስምንት ወር ጠበቅን፤ ዝናቡ ግን አልጠበቀም።

የፕላስቲክ ነጋዴው መጋዘን ውስጥ የቀረው፣ የእንጨት ጅማት የተሳለበት ቡናማ ብቻ ነበር። አማቴም የራሳቸውን ሠርተው እንደ ጨረሱ ልጃቸው «አባዬ፣ በናትህ ከግድግዳው ጋር እንዲሄድ ነጭ ቀባልኝ» አለቻቸው። እንጨቱን ለአራት ወር ሲያሻሽ የኖረ ሰው በገዛ እጁ ቀለም እንዲለብጥበት ሲጠየቅ ምን እንደሚሰማው ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። ልጅ ናትና ቀቡላት።

አራት ወር ያልኩት አለምክንያት አይደለም። የአማቴ እጆች ከሁለት ዓመት ወዲህ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሻይ እንኳ የምንቀዳላቸው ግማሽ ብርጭቆ ነው። አንዱን ማጋጠሚያ አምስት ጊዜ አፍርሰው ሠርተውታል። ሲጨርሱ መላጊያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው አልጋቸው ሥር አስገቡና «ይኼ የመጨረሻዬ ነው» አሉ። እርስዎ ይነሳ ያሉት እሱን ነው።

ስለሆነም የተሰማንን ጥልቅ ምስጋና በተራ ቁጥር ለማቅረብ ይፈቀድልኝ።

፩. ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ «ኧረ ግቡና ንኩት፣ በሩ ክፍት ነው» ብላ ስትለምን፣ እርስዎ «አይ እመቤቴ፣ ከዚሁ ሆነን ቁልጭ ብሎ ይታየናል» በማለት ደረጃችንን ከአሥር ጫማ ስላዳኑልን እናመሰግናለን። የተወለወለው በዚያው ጠዋት ነበር።

፪. ከደብዳቤዎ ጋር የተያያዘው ቃለ ጉባኤ ቡናማውን መስኮት «የተፈጥሮ ጉጦቹ በሥርዓት የተደረደሩበት» ብሎ ያሞካሸዋል። እውነት ነው። በየክንዱ ርቀት ያው አንዱ ጉጥ፣ በዚያው መጠን፣ ወደዚያው አቅጣጫ ዘንበል ብሎ ይደጋገማል። ይህን የሚያህል ሥርዓት ያለው ዛፍ የበቀለበትን ጫካ ኮሚቴው ቢጠቁመን ቤተሰቡን ይዤ ለሽርሽር በሄድኩ ነበር።

፫. የባለሙያ ባርኔጣ ያደረጉት አባልዎ ወደ ነጩ እየጠቆሙ «ፕላስቲክ ምን ጊዜም ያስታውቃል፤ የሰው እጅ አልነካውማ» ሲሉ፣ የነካው ሰው በዚያው መስኮት ጀርባ ቆመው እየሰሙ ነበር። ሁለቱንም እጆቻቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ለዚህኛው የሚመጥን ምስጋና እስካሁን አላገኘሁም፤ እንዳገኘሁ በተጨማሪ ደብዳቤ አሳውቃለሁ።

፬. ደብዳቤዎ የደረሰን ራት ላይ ነበር። አማቴ ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። «ነጩ የፕላስቲክ መስኮት» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ይናደዳሉ ብዬ ድምፄን ዝቅ ባደርግ፣ «ድገመው እስቲ» አሉ። ደገምኩት። «ፋብሪካ ነው የሠራው አሉ?» ብለው ጠየቁ። አዎ አልኳቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በጽሑፍ መግለጽ ያስቸግራል። ሽማግሌው እንባቸው እስኪወርድ፣ ወንበሩ እስኪንገጫገጭ ሳቁ። «በነዚህ እጆች!» እያሉ ሁለቱንም እያወዛወዙ ለሁላችንም አሳዩን። ልጃቸው እየሳቀች ስታለቅስ፣ እያለቀሰች ስትስቅ፣ እኔም ጠረጴዛውን ስደበድብ፣ የታችኛው ቤት ጎረቤታችን በሰላም ነው ወይ ብላ መጣች። ተነብቦላት እሷም ተቀላቀለች። አርባ ዓመት በሠሩበት ሙያ ማንም እንዲህ አመስግኗቸው እንደማያውቅ ነግረውናል።

ሚዛኑ እንዳይዛባ የሙከራውንም ውጤት ልጨምር። ፕላስቲኩ ጥሩምባውን በእርግጥ ይዘጋል፤ እጀታው ግን በሁለተኛው ወር ተሰብሮ ምትኩ ከመጋዘን ይመጣል እንደተባለ አለ። እንጨቱ በሦስተኛው ሳምንት ዝናብ አብጦ አልከፈት አለ፤ አማቴ መላጊያውን ከአልጋ ሥር አውጥተው ሁለት ጊዜ ላግ ላግ አደረጉትና አሁን በትንሽ ጣት ይከፈታል። ባለቤቴ እንጨቱ ጋ መቀመጥ ጀምራለች። አማቴ እንቅልፋቸውን ፕላስቲኩ ሥር ይተኛሉ። ማንም ተሸነፍኩ አላለም፣ ማንም አይጠይቅም።

ወደ ትእዛዝዎ ስመለስ፣ አክባሪ ነዋሪዎች እንደመሆናችን ቃል በቃል ፈጽመነዋል። ነጭ የፕላስቲክ መስኮት በቤታችን አለመኖሩን፣ ኖሮም እንደማያውቅ ስናረጋግጥልዎ ደስታ ይሰማናል። «ቡናማው የእንጨት መስኮት» ደግሞ በማኅተምዎ መሠረት ባለበት ይቀጥላል። ስምንት ወር የጠበቅነውን ፈቃድ ሳያስቡት ስለሰጡን እጅ እንነሳለን።

ደብዳቤዎ ሳሎን ውስጥ በሁለቱ መስኮቶች መካከል ተሰቅሏል። ክፈፉን የሠሩት አማቴ ናቸው፤ እንጨት ነው፣ ነጭ ቀብተውታል። መላጊያው ወደ አልጋ ሥር አልተመለሰም።

የተባረከ እይታዎ ከሰፈራችን ጣሪያና ግድግዳ ላይ እንዳይነሳ የምመኝ፣ በሁለት መስኮቶች መካከል ካለችው ሶፋ ላይ ሆኜ ይህን የጻፍኩ፣ ትሑት አገልጋይዎና የአናጺው አማች።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤዎ እንደደረሰን ለመፈረም ቢሮዎ በመጣን ጊዜ ከጀርባዎ ያለው መስኮት በነፋስ ሲንኳኳ፣ እንዳይንኳኳም ለአራት የታጠፈ ወረቀት ተሸጉጦበት አይተናል። የሙከራ ፈቃድ ማመልከቻችን ነው፤ ጽሕፈቴን አውቄዋለሁ። ለቁም ነገር ስለዋለ ደስ ብሎናል። አማቴ ተራ ስንጠብቅ መስኮትዎን በስንዝራቸው ለክተውታል፤ «የኔ እጅ እንኳ እንደዚህ መስኮት አይንቀጠቀጥም» ብለው አዲስ ሊሠሩልዎ እንጨት አዘዋል። ቀለሙን እርስዎ ይምረጡ። እንዳይቸገሩ በትልቁ «እንጨት» ብለን እንጽፍበታለን።