ለማያይ ሰው ፊደል ላሳደጉት ኃላፊ

ለተከበሩ የጥብቅና ፈቃድ ፈተና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም፣ የሚሽከረከረው ወንበርዎም ጭምር እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ ቤት ሁላችንም ደህና ነን፤ ለዚህ የጽሕፈት ቤትዎ አስተዋፅኦ ባይኖርበትም። በአደባባይ መጻፌ ለድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ በግል የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ሌላ ሰው ሲያነበው አይተው እርስዎም ያነቡት ይሆናል ብዬ ነው።

ባለቤቴን መቼም አይረሱትም። ሕግ የተማረ፣ ሁለቱም ዓይኖቹ ፈጽሞ የማያዩ፣ ኮምፒውተሩ ጮክ ብሎ ሲያነብለት በጆሮው የሚያጠና ሰው ነው።

አንደኛው ምስጋናዬ ለፈተናው መዘጋጃ ስለላኩልን የሕግ ስብስብ ነው። ፋይሉ ከወረቀት ላይ ፎቶ ተነሥቶ የተሠራ ፒዲኤፍ ስለነበረ ለኮምፒውተሩ ፊደል ሳይሆን ሥዕል ነው፤ ባለቤቴ ጆሮውን ሰጥቶ ቢጠብቅ ቢጠብቅ ማሽኑ ትንፍሽ አላለም። ቢሮዎ መጥቼ ይህንኑ ባስረዳዎ «ፋይሉ ይከፈታል አይደል? ታዲያ ምን ጎደለ?» ብለው ወደ ስልክዎ ተመለሱ። እንዲህ ያለ ጥልቅ ጥያቄ ከኃላፊ አፍ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም።

ወደ ቤት ተመልሼ አሮጌው ላፕቶፓችን ላይ ሊኑክስ የሚባል ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ጫንኩና ኮምፒውተሩ በጽሑፍ በሚታዘዝበት ጥቁር መስኮት ትእዛዝ መጻፍ ተማርኩ። አንዱ ትእዛዝ ፒዲኤፉን ገጽ በገጽ ይበትነዋል፤ ሌላው ከየገጹ ሥዕል ፊደሉን ለቅሞ ወደ ጽሑፍ ይለውጠዋል። ማሽኑ ግን አንዳንዱን ፊደል ይስታልና ባለቤቴ ሲያዳምጥ ቆይቶ በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ አንቺ፣ ‹ዳናው ወሰነ› ይላል እኮ! የሕግ ነው ወይስ የአዳኝ መጽሐፍ?» አለኝ። አንድ መስመር ጻፍኩ፤ በመላው መጽሐፍ ዳና የነበሩት ሁሉ በቅጽበት ዳኛ ሆኑ። ያለ ዘመድና ያለ ደጅ ጥናት ሹመት ሲሰጥ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ጥንቃቄዎ ነው። ወደ ጽሑፍ የለወጥኩትን የሕግ ስብስብ ከፈተና ማመልከቻው ጋር አያይዘን ፈተናውም እንዲሁ በጽሑፍ ፋይል ይሰጠው ብንል፣ «የጽሕፈት ቤቱን ሰነድ ቀይራችኋል» ተብለን ተጠራን። እንዴት እንደሠራሁት ላሳይዎ ጥቁሩን መስኮት ስከፍት ከመቀመጫዎ ብድግ ብለው «ገመዱን ንቀሉ! ኮምፒውተራችንን ሰብራ ልትገባ ነው!» ሲሉ የጮኹት ጩኸት አይረሳኝም። ጸሐፊዎ ከጠረጴዛ ሥር ገብታ ገመድ ብትፈልግ አላገኘችም፤ ላፕቶፑ በባትሪ ይሠራ ነበር፣ ከምንም ነገር ጋር አልተገናኘም። ገመድ ሲታጣ የባለቤቴን ማመልከቻ ከመዝገብ ነቀሉት።

ለበላይዎ ቦርድ ይግባኝ ብለን ‹ይፈተን› የሚል ትእዛዝ ሲመጣብዎ ለፈተናው ቀን ልዩ ድጋፍ አዘጋጁ፤ ጥያቄዎቹን በትልልቅ ፊደል አሳተሙለት። ለዓይነ ስውር! ባለቤቴ ወረቀቱን ሲዳብስ ቆየና «ለስላሳ ወረቀት ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። በሩ ላይ ቆሜ እመለከተው ነበር። በዚያች ሰዓት ስለ እርስዎ ያሰብኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ጋዜጣው አያትመውም።

በክፍሉ የነበረችውን ፈታኝ ግን አላስቻላትም። ወደ ማባዣ ክፍል ሮጣ የጥያቄዎቹን የዎርድ ፋይል በፍላሽ አመጣችለት። ይዞት የገባው ላፕቶፕ አንባቢ ተራ ጽሑፍ እንጂ ዎርድ ስለማያነብ፣ ባለቤቴ ራሱ አንድ መስመር ትእዛዝ ጽፎ ፓንዶክ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ተራ ጽሑፍ ለወጠውና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ከሌሎቹ ተፈታኞች ጋር እኩል ጨርሶ ወጣ። አለፈም።

ሦስተኛውን ምስጋና ብፈልግ አጣሁት። ፈታኟን «ያለ ፈቃድ ፋይል አውጥታለች» ብለው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረወሯት፤ በዚያው ሰሞን ደግሞ «ማየት ለተሳናቸው በሰጠነው ድጋፍ የተገኘ ውጤት» የሚል ማስታወቂያ ከባለቤቴ ፎቶ ጋር በራፍዎ ላይ ለጠፉ፤ ለምስጋናው ዝግጅትም ጠሩን። ክቡርነትዎ፣ ባለቤቴ ዓይኑን አጣ እንጂ ዓይን አላወጣም።

በዝግጅቱ ላይ ባለመገኘታችን ይቅርታዎን እንጠይቃለን። ባለቤቴ አዲስ ሥራ ይዟል። ፈታኟ ያለ አግባብ ከቦታዋ ስለተነሣች ጽሕፈት ቤትዎን ከስሳለች፤ ጠበቃዋ እርሱ ነው።

የሚገባዎትን ያህል ክብር፣ ከዚያ በላይ ግን ቅንጣት ሳልጨምር፣ በትሕትና አቀርባለሁ።

ፈቃዱን ከእጅዎ ፈልቅቆ የወሰደው ጠበቃ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ችሎት ሲሰየም ሁሉም ሰው በአክብሮት ይነሣል። ክቡርነትዎ ለሰው መነሣት ስላልለመዱ፣ ከወዲሁ ቤትዎ ቢለማመዱት ብዬ ነው።