የወይዘሮ አርዲስ ቶርቫልድሰን ሕይወትና ሠላሳ አንዱ ሙከራዎቻቸው

ወይዘሮ አርዲስ ቶርቫልድሰን ከአባታቸው ከአቶ ኢንግቫልድ ሩስታድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሶልቬግ ሃውገን፣ በሰሜን ዳኮታ ከቬስተር ከተማ በስተምሥራቅ ባለው የቤተሰቡ የስንዴ እርሻ ላይ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1939 ተወለዱ። በዕለቱ በረዶ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር አዋላጇ የደረሱት ሕፃኗ ታጥባ ከተጠቀለለች በኋላ ነው። እናታቸው በዚህ የተነሣ "ይህች ልጅ ማንንም አትጠብቅም" ይሏቸው ነበር።

አርዲስ ከአራት ልጆች የመጀመሪያዋ ሲሆኑ የመጨረሻዋ ደግሞ ይህን የጻፍኩት እኔ፣ ማርሊስ ነኝ። የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው ራሱን መደበቅ እንዳለበት አውቃለሁ። በዚህኛው ግን መደበቅ አይቻለኝም፤ ምክንያቱን ወደፊት ትሰሙታላችሁ።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከእርሻችን አጠገብ በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት፣ የሁለተኛ ደረጃውን በቬስተር ተምረው በ1957 አጠናቀቁ። ኬሚስትሪ ማጥናት እንደሚፈልጉ ሲናገሩ የትምህርት ቤቱ አማካሪ "የቤት አያያዝ አይሻልሽም?" ብለዋቸው ነበር። እሳቸውም "እሱን እናቴ በነፃ አስተምራኛለች" ብለው መለሱላቸውና በ1961 ከመምህራን ኮሌጅ በኬሚስትሪ ተመረቁ። በ1962 የቬስተር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ብቸኛ የኬሚስትሪ መምህርት ሆነው ተቀጥረው አርባ ሁለት ዓመት አስተማሩ።

በ1964 ከትራክተር ጠጋኙ ከአቶ ኦርቪን ቶርቫልድሰን ጋር ጋብቻ ፈጽመው ካርላንና ኩርትን ወለዱ። አቶ ኦርቪን ነፍሳቸውን ይማርና፣ "እኛ ቤት ጨው እንኳ ሳይመዘን ወጥ ውስጥ አይገባም" እያሉ ሚስታቸውን ማሳቅ ይወዱ ነበር። በ2011 እስኪለዩአቸው ድረስ አርባ ሰባት ዓመት በፍቅር ኖረዋል።

በአርዲስ እጅ ያለፋችሁ ሁሉ ሠላሳ አንዱን የቤተ ሙከራ ወረቀቶች ታስታውሳላችሁ። እያንዳንዱ ወረቀት አሥራ ሁለት መስመር ትእዛዝ ነበረው፤ የሚገኘው ውጤትም በመጨረሻው መስመር ላይ ተጽፎ ይጠብቃል። ከትእዛዙ ወጥቶ አንዲት ጠብታ ያለፈ ወዮለት! ተማሪ አልተቃጠለባቸውም፣ ብልቃጥ አልፈነዳባቸውም፤ በዚህም ይኮሩ ነበር።

በ1999 ክፍለ ግዛቱ አዲስ የሳይንስ ትምህርት መስፈርት አወጣ። ተማሪው ጥያቄውን ራሱ ያንሣ፣ ሙከራውን ራሱ ይንደፍ፣ ያገኘውንም በማስረጃ ይሟገትበት የሚል ነው። እያንዳንዱ መምህር ሙከራዎቹን ከመስፈርቱ ጋር አጣጥሞ፣ በየወረቀቱ ላይ የመስፈርቱን ቁጥር ጽፎ፣ "አጣጥሜአለሁ" ብሎ እንዲፈርም ታዘዘ። የቬስተር ትምህርት ቤት ቦርድም በበኩሉ ወሰነ፤ የክፍለ ግዛቱ ግምገማ ካልታለፈ ቤተ ሙከራው ተዘግቶ ተማሪዎቹ አርባ ሰባት ማይል ርቆ ወዳለው ትልቅ ትምህርት ቤት በአውቶቡስ ይመላለሳሉ። ያ መንገድ በጃንዋሪ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አልነግራችሁም።

አርዲስ ግን ናቁት። እስከዚያ ድረስ አራት ዓይነት "አዲስ አሠራር" መጥቶ ሲሄድ አይተዋል። "ይሄም የመጣበትን መንገድ ያውቀዋል" አሉ። ከዚያም በፋሲካ ሳምንት የወጥ ቤት ጠረጴዛቸው ላይ ሠላሳ አንዱን ወረቀቶች ዘረጉ፣ ቁጥሮቹን በትናንሽ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ በየሙከራው አናት ላይም ለጠፏቸው። ከሙከራው አንዲት ቃል አልተነካችም። ሙጫውን የቀባሁት እኔ ነኝ። እየሳቅን ሠርተን ከሰዓት በፊት ጨረስን፤ አርዲስም ፈረሙ።

በሜይ ወር ገምጋሚዋ ወይዘሮ ጆይስ ፔትሪክ መጡ። ክፍሉን ዞር ዞር ብለው አዩና ከአንዲት ተማሪ አጠገብ ቆመው "አሲዱን እጥፍ ብታደርጊው ምን የሚሆን ይመስልሻል?" ሲሉ ጠየቋት። ልጅቷ ወረቀቷን ከላይ እስከ ታች አየችና "ወረቀቱ ላይ የለም" አለች። አርዲስ ይህን ከክፍሉ ጀርባ ሆነው ሰሙ። የልጅቷን ስም ለእኔ እንኳ ነግረውኝ አያውቁም፤ የነገሩኝ ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲሰሙ ሠላሳ ሰባት ዓመት ያስተማሩት ሁሉ ከንቱ መስሎ እንደ ታያቸው ነው።

ወይዘሮ ፔትሪክ ኮታቸውን ሲደርቡ አርዲስ በሩ ላይ ቆሙ።

"ልደብቅዎ አልችልም" አሏቸው። "ቁጥሩን ለጠፍኩት እንጂ ሙከራዎቹን አልነካኋቸውም። ፊርማዬ ውሸት ነው።"

"ሙጫው ያልደረቀ ወረቀት ስንት ቦታ ያየሁ መሰለዎት?" አሉ ወይዘሮ ፔትሪክ። "ሳልጠይቅ የነገሩኝ ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። በኦክቶበር እመለሳለሁ፤ እስከዚያ ሪፖርቱን አልጽፍም። ያኔ ግን የሚያስረዱኝ ተማሪዎቹ ናቸው፤ እርስዎ ዝም ይላሉ።"

አርዲስን የምታውቁ ሁሉ ከዚህ ውስጥ የትኛው እንደሚከብዳቸው ታውቃላችሁ። ዝም ማለት! ስለዚህ ዝምታን ለመለማመድ ሰው ያስፈልጋቸው ነበርና የዚህችን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ለመኑ። በዚያ በጋ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ አሁን ከእግራችሁ በታች ባለው ምድር ቤት ውስጥ ተሰበሰብን። አርዲስ አዲስ ሙከራ እየሞከርኩ ነው ከማለት በቀር ስለ ሙጫው አልተነፈሱም፤ እኔም አልተነፈስኩም።

መጀመሪያ የሰጡን ጥያቄ ከጉድጓዶቻችን የማናችን ውሃ ከሳሙና ጋር እንደማይስማማ እንድናውቅ ነበር። እያንዳንዷ ከቤቷ ውሃ በጠርሙስ ይዛ መጣች፤ እያንዳንዷም የእኔ ይሻላል አለች። ሳሙናው ስንት ጠብታ ይሁን፣ ጠርሙሱ ስንት ጊዜ ይነቅነቅ በሚለው ላይ አንድ ሰዓት ተጣላን። አርዲስ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል፤ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

"አርዲስ፣ መልሱን ታውቂው የለም እንዴ? ንገሪንና ወደ ቤታችን እንሂድ!" አሉ ወይዘሮ በርኒስ አውን።

"አልናገርም።"

"ኦርቪንንም እንዲህ ነው የምታደርጊው?"

ምድር ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አርዲስ ግን አልሳቁም። "ከዛሬ ጀምሮ ሕጉ ይሄ ነው፤ መልሱን ያወቀ ለሌላው አይንገር" አሉን። እኛም ጠብቀናል።

በጋው ሲያልቅ ከሠላሳ አንዱ ሙከራዎች አሥራ ዘጠኙ እንደ አዲስ ተሠርተው ቀሩ። አሥራ ሁለቱን አርዲስ በገዛ እጃቸው ጣሏቸው፤ ሰማያዊ ክሪስታል የሚያበቅለውን ሲጥሉ ግን አልቅሰዋል።

በኦክቶበር ወይዘሮ ፔትሪክ ሲመለሱ ተማሪዎቹ የጉድጓድ ውሃ ሙከራውን ይሠሩ ነበር። ከአንድ ጉድጓድ የተቀዳ ውሃ ለሁለት ቡድን ሁለት የተለያየ ውጤት ሰጠ። አርዲስ ስህተቱ የት እንዳለ በመጀመሪያው ደቂቃ አይተዋል፤ ያም ሆኖ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ዝም አሉ። ልጆቹ ተከራከሩ፣ ተበሻሸቁ፤ በመጨረሻ ያቺው "ወረቀቱ ላይ የለም" ያለችው ልጅ የአንዱ ቡድን ውሃ ሞቅ ያለ እንደነበር ደረሰችበት። ሁለቱንም እኩል አቀዝቅዘው እንደገና ሠሩት፤ ውጤቱም አንድ ሆነ። ቤተ ሙከራው ዳነ። አርዲስ ቤታቸው ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ አልጋ ላይ ወደቁ፤ ኦርቪን የሞቱ መስሏቸው ደውለውልኝ ነበር።

በ2004 ጡረታ ሲወጡ በተደረገላቸው ግብዣ የቦርዱ ሰብሳቢ ተነሥተው፣ አርዲስ ያንን ግምገማ አንዲት እርማት ሳይገኝባቸው በመጀመሪያው ጉብኝት ማለፋቸውን ተናገሩ፤ የምስክር ወረቀትም ሰጧቸው። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ። አርዲስ እውነቱን ለመናገር ሲነሡ ቀሚሳቸውን ወደ ታች የሳብኩት እኔ ነኝ። "ተቀመጪ፣ ሰዉ ደስ ብሎታል" አልኳቸው። ተቀመጡ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ያ ጭብጨባ አልጣማቸውም፤ የምስክር ወረቀቱንም አንድ ቀን እንኳ ግድግዳ ላይ አልሰቀሉትም።

በ2020 በልብ ድካም ታመው የአረጋውያን መጦሪያ ገቡ። ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ስሄድ "የሕይወት ታሪኬን የምትጽፊው አንቺ ነሽ" አሉኝ። "ሙጫውን ካልጻፍሽ አትጻፊው።"

"የቀባሁት እኮ እኔ ነኝ! ሰው ምን ይለናል?"

"ያለውን ይበል። እኔ ግን ውሸታም ሆኜ መቀበር አልፈልግም።"

እውነቱን እነግራችኋለሁ፤ ፈራሁ። ያንን ሁሉ ያጨበጨበ ሰው በቀብራቸው ቀን ፊቱን እንዳያዞርባቸው ፈራሁ። በአንድ ሰው ልሞክረው ብዬ ወደ ወይዘሮ በርኒስ ቤት ሄድኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት። በርኒስ ሹራባቸውን መሥራት እንኳ አላቆሙም።

"አንቺ ልጅ፣ በዚህ ብርድ የመጣሽው ይሄን ልትነግሪኝ ነው? 'ወረቀቱ ላይ የለም' ያለችው እኮ የእኔ የልጅ ልጅ ናት። አርዲስ በሩ ላይ ያለችውንም ሰምታ ኖሮ የዚያን ዕለት እራት ላይ አልቅሳ ሁሉን ነገረችን፤ በማግስቱ ቬስተር ውስጥ ያልሰማ አልነበረም። አለዚያ በጁላይ ሙቀት ምድር ቤት ገብተን ጠርሙስ የምንነቀንቀው አብደን ነው?"

"የቦርዱ ሰብሳቢስ?"

"እሱም ያውቃል። እንዳታፍር ብሎ ነው እንደዚያ ያለው።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ምነው አንዳችሁም ሳትነግሯት ቀራችሁ?"

"ራሷ አይደለችም እንዴ መልሱን ያወቀ አይንገር ያለችን?"

በረዶውን እየሮጥኩ አልፌ ለአርዲስ ነገርኳቸው። የኦክስጅን ቱቦው ከአፍንጫቸው እስኪወልቅ ሳቁ። "እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅኩት?" አሉ። ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው "ተመስገን፣ ቀለለኝ" አሉኝ። እኔም ቀለለኝ፤ ዛሬ እዚህ ቆሜ ስነግራችሁ ድምፄ የማይንቀጠቀጠው ለዚህ ነው።

ወይዘሮ አርዲስ ከዚያ በኋላ ሁለት ሌሊት ያለ ማስታገሻ ተኝተው ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2022 ጠዋት በተወለዱ በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው በሰላም አረፉ። ሁለት ልጆቻቸው ካርላና ኩርት፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፣ እኔ እህታቸው፣ እንዲሁም በዚህ ዓመት አውቶቡስ ሳይሳፈሩ እዚሁ ቬስተር ውስጥ ኬሚስትሪ የሚማሩት አሥራ አራት ልጆች ከኋላቸው ቀርተዋል። ከቀብሩ በኋላ ምሳ ምድር ቤት ተዘጋጅቷልና ማንም እንዳይቀር።

እግዚአብሔር ከሰው የተሰወረውን ሁሉ ያውቃል። እኛ እያወቅን እንደ ወደድናቸው፣ እርሱም እያወቀ ይቀበላቸው። አሜን።