የውሃ ተራ ለሚያውቀው አባቴ

ውድ አባዬ፣

አንተ ከተለየኸን ወዲህ ማንጎው ሁለቴ አፍርቶ ተለቀመ። እማዬ ደህና ናት፤ አሁንም ብቻዋን እያወራች ሙዙን ትኮተኩታለች። እኔም ተመርቄ ሲቀላ ከተማ ሥራ ይዣለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ደረሰኝ ያልኩህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ዘመዱ ሁሉ ጠጋኝ የምሆን መስሎት የተበላሸ ሬዲዮውን ተሸክሞ መጣ። አንተ ግን ትምህርቱ ምን እንደሆነ ተቀምጠህ ጠየቅከኝ። መረጃን ለሚያስፈልገው ሰው በጊዜው ማድረስ ነው ስልህ፣ ይሄማ የእኔ ሥራ ነው አልክ። ሳቅኩብህ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

በዚህ በጋ የመንደራችን የጫኖ መስኖ ማኅበር የውሃ ተራውን በስልክ መልእክት የሚያሳውቅ ፕሮግራም አሠራኝ። አንተ ለገበሬው ውሃ ስታከፋፍል ዕድሜህን ሙሉ በጭንቅላትህ የያዝከውን በሁለት ሳምንት ጨረስኩና ደረቴን ነፋሁ። ለመልእክቱ ያልመለሰ ገበሬ ተራው ለቀጣዩ ያልፋል፤ ውሃ እንዳይባክን ብዬ ነበር። ወዲያው የጎረቤታችን የወይዘሮ ማርታ ባል ዐረፉ። ለቅሶ ላይ ያለች ሴት ስልኳን መቼ ታያለች? ሁለት ተራ አለፋት። የሙዟን ቅጠል ጠውልጎ አየሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው።

እማዬ ናት የነገረችኝ። ለካ የለቅሶ ቤት ተራ አይታለፍም፣ ጎረቤት ያጠጣለታል፤ ደንቡንም ያወጣኸው አንተ ነህ። በአንተ ሞት ጊዜም እኛ ድንኳን ውስጥ ሳለን ማሳችን ጠጥቶ ነበር፤ እኔ ልብ አላልኩም። ጠዋት ጠዋት ቦዩን ይዘህ ማን ታመመ፣ ማን ሐዘን ገባው እያልክ የምትዞረው ለወሬ ይመስለኝ ነበር። አባዬ፣ በእኛ ሙያ ይሄ ከሁሉ የሚቀድም ጥናት ነው፤ እኔ አራት ዓመት ተምሬው ዘለልኩት፣ አንተ ሳትማረው አንድ ቀን አላጓደልከውም። እንደ አንተ ያለ ባለሙያ አላየሁም።

ወይዘሮ ማርታን እግሯ ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኳት። ፕሮግራሙን አቁሜ ገበሬዎቹን ቤት ለቤት ዞሬ ጠየቅኩ። አሁን አንድ ቤት ሐዘን ሲገባው መልእክቱ የሚሄደው ለጎረቤት ነው። የማርታን ማሳ ባለፈው ተራ ያጠጣነው እኔና እማዬ ነን፤ ሙዙ አዲስ ቅጠል አውጥቷል።

እኔ እስካለሁ አልረሳህም። ከእኔ በኋላ ፕሮግራሙን የሚነካ ሰውም ደንቡን እንዳይሰርዘው፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ከጎኑ ያወጣው ሰው ብዬ ስምህን ጽፌበታለሁ።

ልጅህ