ማንም የማያንኳኳበት ሰፈር

ለምሳሳልሽ ለእታለሜ፦

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ወገብሽን ቀስፎ የሚይዝሽ ነገር ተወሽ ወይስ አሁንም ቅባት እየተቀባሽ «ምንም አልሆንኩም» ትያለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃ መውጣት ፈቀደላት? ባለቤትሽስ ከዚያ ሳሉ ዳነ? ልጆቹስ? እኛ ተመስገን፣ በሥጋ ደህና ነን። «በሥጋ» ያልኩት በምክንያት ነው፤ ብዕር ያነሳሁትም ያንኑ ልነግርሽ ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ጆሮዋን ከጆሮሽ አጣብቃ ስለምታዳምጥ ነው። ይህን ደብዳቤ ስታነቢላትም ሰላምታውን ብቻ አንብቢላትና መሐሉን ዝለይው። እኔ ሳልበላ የዋልኩበትን ነገር እሷ ሰምታ እንድትታመም አልፈልግም።

ቤት መቀየራችንን ታውቂያለሽ። ከእንጨት መሰንጠቂያው በላይ ያለችው ክፍላችን አቧራዋ ትንሹን ልጄን ሲያስለው ከረመ፤ ሐኪሙም ቦታ ካልለወጣችሁ መድኃኒቱ ውሃ ነው አለን። ያኔ ነው ደላላው ይህን ቤት ያመጣልን። «ጸጥ ያለ፣ ለቤተሰብ የሚሆን፣ ዛፍ ያለበት ሰፈር ነው፤ ልጅ የሚያድገው እዚህ ነው» አለን። ከከተማው ዳር ነው፤ ቤቶቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በአንድ ግድግዳ የተጣበቁ፣ አጥሩ ቁጥቋጦ ሆኖ በመቀስ የተከረከመ፣ መንገዱ የተጠረገ። ድመቷ እንኳ እንደ ባለሥልጣን እያረፈች ነው የምታቋርጠው። የልጆቹ አባት ደጃፉ ላይ ቆሞ ረጅም ትንፋሽ ሳበና «እንግዲህ ሰው ሆንን» አለኝ።

አከራያችን ጡረታ የወጣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነው፤ ቁልፉን ሲሰጠን እንኳ በመሐረብ ጠርጎ ነው የሰጠን። ግድግዳው ትኩስ ቀለም ተቀብቷል፣ ወለሉም አዲስ የፕላስቲክ ንጣፍ ለብሷል። ከእኛ በፊት ማን ነበረበት ብዬ ስጠይቀው «አንድ አረጋዊ ነበር፤ ሄደ» አለኝ። ሄደ! ይህን ቃል ያዥልኝ እታለሜ፤ እንደዚህ ያለ ንጹሕ ውሸት በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።

በገባን በማግስቱ በግድግዳ የምትጎራበተን ሴትዮ መጣች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅም የላትም። መስኮቷ ላይ መጋረጃው ሁልጊዜ ጣት ያህል ስለሚገለጥ የልጆቹ አባት «መጋረጃ» ብሎ ስም አውጥቶላታል። እንኳን ደህና መጣችሁ ልትል መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ብወጣ፣ «ትንሹ ልጅ ሲሮጥ በግድግዳው ይሰማል» ብላኝ ተመለሰች። እኔ ሞኟ ደግሞ ጎረቤት እንዳይከፋብኝ ብዬ ዳቦ ጋግሬ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ይዤላት ሄድኩ። በሩን በሰንሰለቱ ልክ ገርበብ አድርጋ «እዚህ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር አልለመድንም፤ ሰው በሰው ቤት አይገባም» አለችኝና ዳቦዬን እንደታቀፍኩ ዘጋችብኝ። ከዚያ ወዲያ «ሽ!» ማለት ሥራዬ ሆነ። ልጁ ኳስ ሲያነሳ ሽ፣ ትልቋ ስትዘፍን ሽ። አንቺ «ቃል አቀባይ» ብለሽ የሰየምሻት ልጅ፣ የሰፈር ወሬ ሰብስባ ሳትነግረኝ እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ፣ በእግሯ ጣት መሄድና በሹክሹክታ ማውራት ለመደች። እኔም ጨዋ ልጅ አሳደግሁ ብዬ ደስ አለኝ። ጉዴን ተመልከቺ።

ሽታው የመጣው ሙቀት ሲጀምር ነው። ሥራዬን ታውቂያለሽ፤ በሆቴሉ የልብስ እጥበት ክፍል ስምንት ዓመት ሙሉ የማላውቀውን ሰው አንሶላ አገላብጫለሁ። ትውከቱንም፣ ደሙንም፣ ሽንቱንም ገና ከቅርጫቱ ሳይወጣ በሽታው ነው የምለየው። ይኼ ግን ከእነዚያ አንዱም አይደለም። የበሰበሰ ፍሬ የመሰለ ጣፋጭነት አለው፤ ከሥሩ ደግሞ እርጥብ ሱፍ የመሰለ ነገር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የልጆቹን ክፍል ስትመታው ይነሳል፣ ሲመሽ ይተኛል። በበረኪና አጠብኩ፣ በኮምጣጤ ወለወልኩ፣ ፍራሹን አውጥቼ አሰጣሁ። የልጆቹ አባት አፍንጫው በብየዳ ጭስ ከሞተ ዓመታት ስላለፉት «አይጥ ሞታ ይሆናል፤ ትደርቃለች» ይለኛል። የትኛዋ አይጥ ናት ወር ሙሉ የማትደርቀው?

አንድ ቅዳሜ ጠዋት የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ መጣ። ሸምገል ያለ፣ ደብተሩን በብብቱ የያዘ ሰው ነው። ከበሩ አልፎ አልገባ አለ። ትንሹን ልጄን አየው፣ መስኮቱን አየና «እዚህ ቤት ሰው ገባበት እንዴ? ልጅ ይዛችሁ?» አለኝ። ምነው ብዬ ስጠይቀው መጀመሪያ ሊሸሸኝ ፈለገ። ግባና ሻይ ጠጣ ስለው ግን ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ነገረኝ።

እዚህ የኖረው ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ ነበር አለኝ። ቆጣሪ ሊያነብ በመጣ ቁጥር ወንበር አውጥቶለት ሻይ ሳያጠጣው አይለቀውም ነበር። አንድ ወር ሲመጣ በር የሚከፍት ጠፋ፤ ቆጣሪው ውጭ ስለሆነ ቁጥሩን ጻፈና ሄደ። በወሩ ሲመለስ ቁጥሩ ያው ነው። አንዲት ጠብታ አልጨመረም። በሩን ደበደበ፣ ሽታው መጣበት፣ ዞሮ ጎረቤቶቹን አንኳኳ። አንደኛው «ፍሳሽ መስሎን ነበር» አለው። ሌላኛዋ «መስኮታችንን ከዘጋን ቆየን» አለችው። መጋረጃ ደግሞ «እኛ በሰው ጉዳይ አንገባም» አለችው። ፖሊስ ጠርቶ በሩ ሲሰበር ሽማግሌው በወደቀበት፣ በዚያ በልጆቼ ክፍል ወለል ላይ፣ ወር አልፎት ነበር።

ሰውዬው እንደሄደ የልጆቹ አባት አልጋውን ገፍቶ ንጣፉን ከጥጉ ቀደደው። እታለሜ፣ ሥሩ ያለው ጣውላ ላይ ሰው የሚያህል ጥቁር እድፍ ነበር። ትከሻው ይለያል፣ የታጠፈው ጉልበቱ ይለያል። አላጠቡትም፣ አልፋቁትም፤ እንዲሁ እንደ ድስት ክዳን ከድነውበት ነው ልጆቼን ያስተኙበት። ወጥቼ ያንን የተከረከመ ቁጥቋጦ ይዤ አንጀቴ እስኪወጣ አስታወክሁ። ቀና ስል መጋረጃው ተገልጦ ነበር፤ ሳየው ተዘጋ።

አከራዩ ጋ ስንደውል ያፍራል ብለሽ ነው? «ታዲያ አዲስ ንጣፍ አስነጠፍኩላችሁ አይደለም? ሰው መቼም አንድ ቦታ መሞቱ አይቀርም» አለን። ቀጥሎ ድምፁን አለስልሶ «እባካችሁ ነገሩን አታናፍሱት፤ የሰፈሩ ስም ይጠፋል» አለ። የሽማግሌው ስም እንዳይጠፋ ያለ ግን አንድ ሰው አልሰማሁም። ስሙን የሚያውቀውም ያ ቆጣሪ አንባቢ ብቻ ነው። ክፍሉን ቆልፈን፣ አራታችንም ሳሎን ውስጥ እየተኛን፣ ቤት ፍለጋ ጀመርን። ቤት ደግሞ ስትፈልጊው እንደ ሰማይ ነው የሚርቅ።

ይህ ሁሉ አልፎም በጣም የተጸየፍኩት ገና ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከሥራ ገብቼ ድንች እየላጥኩ፣ ትልቋ የቤት ሥራዋን እየሠራች እንዲያው በወሬ መሐል «ጎረቤታችን ሴትዮ ወድቃለች» አለችኝ። የት ስላት፣ «ደረጃዋ ላይ። ከትምህርት ቤት ስመጣ በአጥሩ ቀዳዳ እግሯን አየሁት፤ ስታቃስትም ነበር።» ታዲያ ምን አደረግሽ አልኳት። እርሳሷን እንኳ ሳታስቀምጥ «ምንም፤ የሰው ጉዳይ ነው» አለችኝ። ከትምህርት ቤት የገባችው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ይህን ስትነግረኝ አሥራ አንድ አልፏል። ልመታት እጄን አነሳሁና አየር ላይ ቀረ። ማን አስተማራት? «ሽ!» እያልኩ በአፏ ላይ ጣቴን ያስቀመጥኩት እኔ አይደለሁም? ያን ጊዜ የሸተተኝ ከወለሉ ሥር ያለው አይደለም፤ ራሴን ነው የሸተተኝ።

ሮጬ ስወጣ መጋረጃ ከደረጃዋ ሥር በጎኗ ተጋድማለች፤ አንድ እግሯ እንደ ተሰበረ ቅርንጫፍ ተጣሟል፣ ቀሚሷም ረጥቧል። ከመንገዱ ማዶ ሦስት ቤት ውስጥ ሰው አለ፤ የአንዱ ቴሌቪዥን ይታየኛል። አንገቷን አቀፍኩና ስልኬን ሳወጣ ክንዴን ያዘችኝ። ውሃ ልትጠይቀኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። «አምቡላንስ ከጠራሽ፣ ጩኸቱን አጥፍተው ይምጡ በያቸው፤ ሰው ይወጣል» አለችኝ። እንዲህ ነው ያለችኝ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። እኔም በሕይወቴ ጮኼ እንደማላውቅ ጮህኩ። «ሰው የለም ወይ! እናንተ! ሰው ወድቋል!» አልኩ። ትልቋ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ፣ ቀስ ብላ መጥታ አጠገቤ ሆና አብራኝ መጮህ ጀመረች። አንድ በር ተከፈተ፣ እሱም ወዲያው ተዘጋ።

ዳሌዋን ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። ዘመድ ጥሩ ሲሏት አንዲት የእህት ልጅ አለችኝ ብላ ነበር፤ ያቺም አንድ ቀን ደውላ ቀረች። ስለዚህ ማን ይሂድ? እኔ ሄድኩ። አትሳቂብኝ፤ እማዬ ያሳደገችን እንዲህ ነው፣ የታመመ ሳይጠየቅ ምግብ አይዋጥልንም። ሁለቴ ሄጄ ሁለቴም «ደህና ነሽ?» «ደህና» ተባብለን ተለያየን። በሦስተኛው፣ ውሃ እያጠጣኋት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ «ያንኳኳ ነበር» አለችኝ።

ማን አልኳት፤ ነገሩ ግን ቀድሞ ገብቶኝ ነበር። «ሽማግሌው። በዱላው መሰለኝ፣ ግድግዳውን። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ኋላ አልፎ አልፎ። ሁለት ቀን ሙሉ። እረበሻለሁ ብዬ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁ» አለች። ቀጥላም «በሦስተኛው ቀን ተወ። ተመስገን ብዬ ተኛሁ» አለችኝ።

እታለሜ፣ ብርጭቆው እጄ ላይ ነበር። ፊቷ ላይ ልደፋው አሰብኩ፤ አሰብኩ ብቻ ሳይሆን ክንዴ ተነስቶ ነበር። እሷም ዞር ብላ አየችው፣ ፊቷንም አልሸሸገችም። ግን ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ጨርሳ እስክትጠጣ ያዝኩላት፣ አገጯን ጠረግሁላት፣ ከዚያ ወደ መታጠቢያው ሄጄ ቆዳዬ እስኪቀላ እጄን ታጠብኩ። አሁንም ስጽፍልሽ ያ ነገር በጣቶቼ መሐል ያለ ይመስለኛል። ለልጆቹ አባት ስነግረው መዶሻውን አስቀመጠና «ሁለተኛ እዚያ እንዳትሄጂ» አለኝ። እኔም አልሄድም ብዬ ምያለሁ። አንቺ ብትሆኚ ምን ትያት ነበር? እውነቱን ጻፊልኝ፣ ለማጽናናት ብለሽ አትጻፊልኝ።

በሚመጣው እሑድ እንለቃለን። ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ሁለት ክፍል አገኘን፤ አቧራ የለበትም፣ ጩኸቱ ግን ጆሮ ይበሳል። አከራይዋ ቤቱን ሳታሳየን በፊት ትንሹን አፉን ከፍታ ጥርሱን ቆጠረችው፣ ከዚያ እኔን «ለምን ከሳሽ?» ብላ ተቆጣችኝ። ቃል አቀባይሽም ከሴትዮዋ ጋር ቁጭ ብላ ወሬውን ሁሉ ዘረገፈችላት። እኔም አላስቆምኳትም።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። እማዬን ሁለቱን ጉልበቶቿን ሳሚልኝ፤ ልጆቹ አድገዋል፣ ቤቱም ጥሩ ነው በያት፣ ውሸቱን እኔ እሸከመዋለሁ። እንደ ወንድሜ የማየው ባለቤትሽም ሳሉን በቀልድ እንዳያልፈው፣ ሐኪም ይየው በይው። ትልቁ ልጅሽ ፈተናውን እንዲያልፍ እጸልያለሁ፤ መንታዎቹን አንዷን ከሌላዋ ሳታበላልጪ እኩል ሳሚልኝ። አክስታችንን ደግሞ «ከእኔ በፊት እንዳትሞቺ ብላሻለች» በያት፣ ስቃ ትመርቀኛለች። ያቺን ፊት ለፊትሽ ብቻዋን የምትኖረዋን አሮጊት ጎረቤትሽንም ዛሬውኑ፣ ደብዳቤውን እንዳስቀመጥሽ፣ ሄደሽ አንኳኪያት። ምን ሆንሽ ብትልሽ ምንም በያት።

ነገ የሆስፒታሉ የመጠየቂያ ቀን ነው። ከእኔ በቀር የሚጠይቃት የለም። መሐላዬን አልረሳሁም፤ ሾርባውን ግን ጥጄዋለሁ፣ ሊገነፍል ነው መሰለኝ፣ እዚህ ላይ ልተወው።

ታናሽሽ

ካልለቀቅነው ቤት፣ ከምድጃው አጠገብ
ግንቦት 21 ቀን