ጋቢ የለበሰው ዘንባባ

ናዝሬት፣ ጥር 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት እናቴ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከአቧራው አገር እስከዚያ እስከ ሐይቁ ዳር ይድረስዎ። አካም ጂርቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የዝዋይ ነፋስ በዚህ ወር እንዴት እንደሚያደርግዎ ስለማውቅ፣ በሞቴ፣ ጧት ፀሐይ ሳትሞቅ ወደ በረት አይውረዱ፤ ላሚቱን ጉዲቱ ትለባት። ለመሆኑ ወለደች? የአጎታችን የኦቦ ሆራ ሳልስ ተሻላቸው? እኛ ጌታ ይመስገን አለን። ልጃችን ሎሚ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ስትስቅ አሮጊት መስላለች። አያቴ ዓሣ መቼ ነው የምትልክልኝ እያለች ታደርቀኛለች።

ይህን ደብዳቤ በሾፌሩ በአብዱልመናን እጅ የላክሁት በምክንያት ነው። ሽንኩርት ሊጭን ወደ ዝዋይ ስለሚወርድ በደረት ኪሱ ይዞት ይመጣል። በፖስታ የሚሄድ ወረቀት ስንት ዓይን እንደሚያየው ያውቃሉ። ጉዲቱዬ፣ በሩን ዝጊና ቀስ ብለሽ አንብቢላቸው።

ልጄ ለምን በእጁ አልጻፈልኝም እንደሚሉ አውቃለሁ። እደርስበታለሁ እማዬ። ከመጀመሪያው ካልነገርኩዎት አይገባዎትም፤ እኔም ከመሐል መጀመር አልቻልሁም።

ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ከወዳጅ አገር በመርከብ አሰብ፣ ከአሰብ በመኪና እዚህ ስለመጡት የኮኮናት ዘንባባዎች ልጅዎ ጉደታ ከበዓሉ በኋላ እርስዎ ዘንድ ሲመጣ ነግሮዎታል። እንዴት አድርጎ እንደነገረዎትም ይታየኛል፣ ያን ረጅም እጁን እያወናጨፈ። ያልነገረዎትን ደግሞ እኔ ልንገርዎት። ችግኞቹ ሲመጡ ስብሰባ ተጠራ። ሹማምንቱ ሁሉ ተቀምጠው ሳለ አንዱ፣ ይሄ የሞቃት ባሕር ጠረፍ ዛፍ ነው፣ የእኛን ብርድ ይችላል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሹማምንቱ ወረቀታቸውን ማገላበጥ ያዙ። ዝም አይነቅዝም ይባላል እኮ! በችግኝ ጣቢያው ጉደታ ብቻ አይደለም የሚሠራው፣ አለቃ አለው፣ የአለቃ አለቃ አለው። ግን የእርስዎ ልጅ ተነሣና ይችላል፣ ላንጋኖ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ አለ።

ያን የላንጋኖውን ኮኮናት ያስታውሱታል? ሎሚ ገና በጀርባዬ ታዝላ ሳለች ሄደን ጥላው ሥር ዓሣ የበላንበትን ነው። ፍል ውሃው ከአጠገቡ እየፈላ አፈሩ እጅ ያሞቅ ነበር። እርስዎ ጫማዎን አውልቀው፣ ይሄ ዛፍ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ተቀምጧል፣ እሱን ምን ቸገረው ብለው አሣቁን። ጉደታ እንግዲህ ያን አንድ ዛፍ አይቶ ነው አገሩን ሁሉ ላንጋኖ ያደረገው። ናዝሬት ላይ ከሥሩ ማን ፍል ውሃ ያነድለታል? ያለን ነፋስና አቧራ ነው። ግን ቤት ገብቶ ሲነግረኝ እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ እኔም ሞኟ አብሬው ደስ አለኝ። ልጃችን በኮኮናት ጥላ ሥር ወደ ትምህርት ቤት ትሄዳለች ብሎ አቅፎ አዞረኝ።

ዘንባባዎቹ ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ ተተከሉ። በየደጃፉ አንድ አንድ ቆመ፣ ከደረቀም ባለቤቱ ተጠያቂ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ፍየል ስናባርርና ልጅ ስንቆጣ መዋል ሆነ ሥራችን። ወዲያው ደግሞ ያ የወሎ ረኃብተኛ ወደ ከተማው ይጎርፍ ጀመር። ቦቴው ዘንባባውን ሊያጠጣ ሲመጣ ጣሳ የያዙ እናቶች ከኋላው ይሮጣሉ። አንዷ አቅም አንሷት ደጄ ላይ ተቀምጣ አየኋትና ለዘንባባው ከተሞላው ባልዲ ቀድቼ ሰጠኋት። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አብተው አይቶኝ፣ የአብዮቱን ውሃ ለማንም ታድያለሽ አለኝ። የአብዮቱን ውሃ! ኧረ ጉድ ነው። ጎረቤቴ ቶይባ፣ ያቺ ሻይ የምትሸጠው፣ እሷም ወሎዬ ናት፣ ጀርባውን ሲያዞር ጠብቃ፣ እህቴ፣ ለዘንባባውም የቀበሌ ስኳር ይሰጠው ይሆን ብላ በጆሮዬ ጠየቀችኝ። አፌን ይዤ ነው የሮጥሁት።

በዓሉ አለፈ፣ ሰልፉም አለፈ። ኅዳር ሲገባ ነፋሱ ተነሣ። ታኅሣሥ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ቁጥር ጧት ቅጠሎቹ ጫፋቸው እሳት እንደነካው ጠቁሮ ይገኛል። ጉደታ መብላት ተወ። አንድ ቀን ደጃችን ላይ አቁሞ አሳየኝ። ከዘንባባው መሐል ገና ያልተፈታ፣ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቅጠል አለ። የዛፉ ነፍስ ከእሱ ሥር ነው፣ ብርዱም መጀመሪያ የሚያገኘው እዚያ ነው አለኝ። እዚያ ከበሰበሰ፣ ያን የመሐሉን ቅጠል ሳብ ሲያደርጉት ሳይታገል ተመዝዞ እጅ ላይ ይቀራል። ያኔ አበቃ። የታች ቅጠሎቹ ግን ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ እንደለመለሙ ይቆያሉ፣ መንገደኛም ደህና ነው ብሎ ያልፋል። የእኛን ሳብ አደረገው፤ ጠበቅ ብሎ እንቢ አለ። የቶይባ ደጅ ያለውን ሲስበው ግን መጣ። ሥሩ እንደ በሰበሰ ጎመን ይሸታል። ጉደታ እጁ ላይ እንደያዘው ወደሚቀጥለው ደጅ ሄደ።

ከዚያ አልብሷቸው የሚል ትእዛዝ መጣ። ጆንያ ያለው ጆንያ፣ የሌለው የአልጋ ልብሱን አወጣ። የእኛውን ዘንባባ ጉደታ እርስዎ የፈተሉለትን ጋቢ አለበሰው። ይቆጡ እንደሆነ ይቆጡ፣ እኔም ተቆጥቼዋለሁ። የሠርጋችንን ጋቢ ለዛፍ! እሱ ግን እናቴ ብታየው ትስቃለች እንጂ አትቆጣም አለኝ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያለብሰዋል፣ ጧት ይገፈዋል። ሎሚ ዘንባባው ትምህርት ቤት ሊሄድ ነው ወይ ብላ ስትጠይቀው አዎ፣ አንደኛ ክፍል ነው አላት።

ምን ያደርጋል፣ የየደጁ ዘንባባ የመሐል ቅጠሉ እየተመዘዘ ቀጠለ። በጥር የፓርቲ ልዑካን ይመጣሉ ተባለና ስለ ዘንባባዎቹ ሪፖርት ተጠየቀ። አለቃው ምስጥ በላቸው በልና ተገላገል አለው። እኔም ጉደታ እግር ላይ ወድቄ ለመንሁት። ምስጥ በል፣ ምስጥን ማን ያስረዋል አልሁት። እሱ እቴ! የእርስዎ ልጅ አይደል፣ በጌታ ፊት ሐሰት አልናገርም አለኝ። እዚያ ጌታ አይደለም የሚሰበስባችሁ፣ አብተው ነው አልሁት። አልሰማኝም። እንደገና ስብሰባ፣ እንደገና ተነሣ። ዛፉ ለዚህ አገር አይሆንም፣ ብርዱ ገድሎታል፣ ይችላል ብዬ የተናገርሁት እኔ ነኝና ስሕተቱ የእኔ ነው አለ።

የፈሩት ይደርሳል። ጓድ አብተው፣ ቆላ ላይ ተቀምጠን ብርድ ትለናለህ፣ የወዳጅ አገርን ስጦታ የገደለው ብርድ አይደለም፣ አሻጥር ነው ብሎ ጮኸ። ጴንጤነቱንም አነሣበት፤ ለተዘጋው ጸሎት ቤታችሁ በዘንባባው ተበቀልህ ወይ አለው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ ቤታችን ገብተው እንጀራችንን የቆረሱ ሰዎች ነበሩ። አጎንብሰው ማስታወሻ ይጽፉ ነበር። እዚያው ከወንበሩ አንሥተው ወሰዱት።

አይደንግጡ እማዬ። ጉዲቱ፣ ውሃ ስጫቸውና ከዚያ ቀጥይ።

የታሰረበትን አልጽፍም። በየቀኑ ስንቁን ይዤ እሄዳለሁ፣ እንደ እኔ ያሉ ብዙ ሴቶች አሉ፣ ተራ እንጠብቃለን። የሚተኙት ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው ሲሉኝ ያን ዕለት ዘንባባውን ገፍፌ ጋቢውን ላክሁለት። ጓድ አብተው መጥቶ፣ ዘንባባውን ራቁቱን አቆምሽው፣ አንቺም እንደ ባልሽ ልትሆኚ ነው አለኝ። ይቁም! ዛፍ ነው! ባሌ እየበረደው ለዛፍ ጋቢ ላልብስ? ይህን በሆዴ አይደለም ያልሁት፣ በአፌ ነው። ቶይባ በክንዴ ጎትታ ባታስገባኝ ኖሮ ምን እንደምጨምር እኔም አላውቅም።

ጉደታ ቤት ሲበላ ከሳህኑ ጥግ ለሎሚ አንዲት ጉርሻ እንደሚያስቀር ያውቃሉ። ከእስር ቤትም ሳህኑ ሲመለስ ያቺ ጉርሻ አትቀርም ነበር። ሎሚ የአባዬ ብላ ትበላታለች፤ እኔም እሷን አይቼ አድራለሁ። ባለፈው ሳምንት ሳህኑ እንደላክሁት ሙሉውን ተመለሰ። በማግስቱም እንዲሁ። አሞት ይሆናል ብዬ ሾርባ ሠርቼ ስሄድ፣ በር ላይ ያለው ወታደር ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ አለኝ። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል አለ። ጋቢውንም አጣጥፎ ሰጠኝ። ብርድ ነውና በጌታ ስም ወደ ሄደበት ላኩለት ብዬ ለመንሁት። የሄደበት አይበርድም፣ ጋቢ አያስፈልገውም አለኝ። ሲናገር ዓይኔን አላየኝም። እንግዲህ ቆላ ይሆናል የወሰዱት። ብርድ እንደሆነ ድሮም አይወድም።

ልዑካኑ ትናንት መጥተው ሄዱ። ከመምጣታቸው በፊት የደረቁትን ዘንባባዎች አረንጓዴ ቀለም ቀቧቸው። እውነቴን ነው፣ የበር ቀለም! ነፋሱም አቧራውን እርጥቡ ላይ ለጠፈበት። የእኛው ደጅ ዘንባባ ብቻ ነው ያልተቀባው፣ የታች ቅጠሎቹ እስከ ዛሬ ለምለም ናቸው። ጓድ አብተው እንግዶቹን አምጥቶ ደጄ ላይ አቆማቸውና፣ ይኸው፣ አይበቅልም ተብሎ የተዶለተበት ዘንባባ ብሎ አሳያቸው። አጨበጨቡ። እኔ በመስኮት ውስጥ ሆኜ አያቸው ነበር። እንዲህ አድርጌ ሰው ጠልቼ አላውቅም፣ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

የመሐሉን ቅጠል ግን አልነካሁትም እማዬ። ጧት ጧት እወጣለሁ፣ እጄን እሰነዝርና እመለሳለሁ። ብቻዬን አልስበውም። እርስዎ ይምጡና አብረን እናየዋለን።

አዎ፣ ይምጡ። አብዱልመናን ነገ ሽንኩርቱን ሳይጭን ይጠብቅዎታል፣ በመኪናው ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ያስቀምጥዎታል። ግን ብቻዎን አይምጡ። ኦቦ ሆራ ይምጡ፣ ጎረቤትዎ ጆቴም ሚስቱን ይዞ ይምጣ፣ ጉዲቱም ትምህርቷን ለጥቂት ቀን ትተው። ቤቱ ጠበበኝ አልልም፣ ሰው ናፍቆኛል። ላሚቱን ለጎረቤት አደራ ይስጡ፤ ቶሎ አይመለሱ ይሆናል። ሎሚ አያቷን ካየች ቆየች። አባቷን መጠየቅ ከተወች ሰነበተች፣ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ጌታ በክንፎቹ ጥላ ሥር ይሰውርዎ። መንገዱን ቀና ያድርግልዎ፣ ጉልበትዎን ያጽናልዎ። እሱ የሰጠንን ሁሉ በምንችለው ልክ ያድርግልን። እጅዎን እየሳምሁ፣

ልጅዎ፣ የሎሚ እናት

ለጉዲቱ ብቻ፦ ከዚህ በታች ያለውን አታንብቢላቸው። አብዱልመናን ለኦቦ ሆራ የሚነግራቸው ነገር አለው። እሳቸው እማዬን ይዘው እዚህ እስኪያደርሱ ድረስ ፊትሽን ጠብቂ እህቴ፣ መኪና ላይ እንዳታለቅሺ። እማዬ ከበር ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ጋቢውን ነው፣ አውቃቸዋለሁ። በሳሙና አጠብሁት፣ በበረኪናም ዘፈዘፍሁት፣ በአንገቱ በኩል ያለው የደም እድፍ አልለቅ አለኝ። እሳቸው የፈተሉት ሌላ ጋቢ ከሣጥናቸው ውስጥ ካለ፣ ሳያዩሽ አውጥተሽ ይዘሽልኝ ነይ።