የአባቴን ወንበር ለቤዝ ሳጥን ስላሰጡን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ግሌንደን ሆክስትራ
የኤልክ ሆሎው ከተማ የቤት ውስጥ ሲኒማ ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር፣ በከተማችን ቴሌቪዥን የሐሙስ ምክር አቅራቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? እኔ፣ ባለቤቴ ድዌይንና ዘንድሮ ሰባ ዘጠኝ ዓመት የደፈነው አባቴ ኦርቪን፣ በረዶው እስከ መስኮታችን ቢቆለልም አምላክ ይመስገን ደህና ነን። ወገብዎን፣ ጉልበትዎንና በተለይም ከተማው ሁሉ የሚተማመንበትን ጆሮዎን ፈጣሪ ይጠብቅልን። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ በየቤቱ ስለ እርስዎ የሚባለው እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ እንዳይቀር በመስጋት፣ ይህን ምስጋናዬን በጋዜጣ ላይ በግልጽ ለማውጣት ደፍሬያለሁ።

እንደሚያስታውሱት፣ ባለፈው መከር ከእርስዎ ምክር የለመንነው ትንሽ ነገር ነበር። ከቤታችን ሥር ያለችው ምድር ቤት ድዌይን ቀና ባለ ቁጥር ግንባሩን የሚገጭባት፣ ግማሿን ማሞቂያውና የአጋዘን ሥጋ የሞላው ፍሪዘር የያዟት ጠባብ ክፍል ናት። እዚያች ክፍል ውስጥ፣ ከሦስት መቶ ዶላር በማይበልጥ ዕቃ፣ አባቴ ፊልም ላይ ያሉት ሰዎች የሚባባሉትን እንዲሰማ ፈለግን። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ከክፍሉ የሚወጣው ለቅዳሜ ፊልም ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን "እናንተ እዩ፣ እኔ ይቅርብኝ" ማለት ጀምሮ ነበር። ያቺ ቅዳሜ ከቀረች አባቴን የማገኘው በበር ቀዳዳ ብቻ እንዳይሆን ፈራሁ። እርስዎ ግን ደረሱልን፤ ስለዚህ ውለታዎን በተራ ቁጥር ላስፍር።

1ኛ. በአካል ስለመጡልን እናመሰግናለን። ያቀረብኩልዎትን፣ ሆትዲሽ የምንለውን በምድጃ የተጋገረ ድንችና ሥጋ፣ እንደ አገራችን ወግ ሦስት ጊዜ "ኧረ ይበቃኛል" ብለው በአራተኛው መቀበልዎ፣ ከዚያም የምድጃውን ትሪ ጥግ ጥጉን ሳይቀር መጥረግዎ የጨዋ ልጅ መሆንዎን ያሳያል። ሜትርዎን ዘርግተው፣ በየማዕዘኑ እያጨበጨቡ የግድግዳውን ድምፅ ሲያዳምጡ ትንፋሻችንን ውጠን ቆመን ነበር። የትኛው ስፒከር ይሻለናል ብዬ ብጠይቅዎ "እንደ ክፍሉ ነው" አሉኝ። አምፕሊፋየሩስ ብል "እንደ ክፍሉ ነው" አሉኝ። ክፍሉ ውስጥ እንደቆምን ለማስታወስ ፈልጌ ነበር፤ አስተዳደጌ ከለከለኝ።

2ኛ. አባቴን ከስህተት ስላዳኑት እናመሰግናለን። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት አባቴ ከቤተ ክርስቲያናችን የአሮጌ ዕቃ ሽያጭ አንድ ቡናማ፣ የዳቦ ሳጥን የመሰለ የመሃል ስፒከር በስምንት ዶላር ገዝቶ መጥቶ ነበር። ሻጩ ሴትዮ "ኦርቪን፣ ይሄ የሰው ንግግር ብቻ የሚወጣበት ነው" ስላለችው፣ እንደ ሕፃን አቅፎት ነው ደረጃውን የወረደው። እርስዎም አዩትና፣ ራስዎን በቀስታ ነቅንቀው፣ "ለየት ያለ ነው" አሉ።

እዚህ ላይ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጡ አንባቢዎች የነገሩን ክብደት ላይረዱት ይችላሉ። ሚኒሶታ ውስጥ ተወልዶ ያደገ ሰው ግን "ለየት ያለ ነው" ከተባለ በኋላ ይግባኝ እንደሌለ ያውቃል። አክስቴ በሯን ብርቱካናማ ቀብታ ጎረቤቷ "ለየት ያለ ነው" ባላት በሳምንቱ መልሳ ነጭ ቀብታዋለች። አባቴ ጆሮው ቢደክምም ይህቺን ቃል ከከንፈር ላይ ማንበብ አያቅተውም። ሳጥኑን አንስቶ ፍሪዘሩ ጀርባ ከተተው።

3ኛ. ስለ ቤዝ ሳጥኑ ልዩ ምስጋና ይድረስዎ። "ቤዙ ሆድ ካልነቀነቀ እኮ ሲኒማ አይባልም! ንግግሩን ቴሌቪዥኑ ራሱ ይወጣዋል" ባሉን መሠረት፣ የነበረንን ሁሉ የጥጃ ቁመት ላለው፣ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ለሚያጓራ ጥቁር ሳጥን ሰጠን። አባቴ ወደ እርስዎ እያመለከተ "ምን አለ?" ሲለኝ "ጥሩ ነው አለ" ብዬ መለስኩለት፤ ይህን ውሸት ያጎረሱኝ እርስዎ ነዎት። ሳጥኑ በተከፈተ ዕለት የፍሪዘሩ ክዳን ተንቀጠቀጠ፣ በመደርደሪያው ላይ የነበረው የቀይ ሥር ማሰሮ ወድቆ ምንጣፋችንን አቀላው፤ ጎረቤታችንም ማሞቂያው የፈነዳ መስሎት በካልሲው እየሮጠ መጣ። የአባቴ የጆሮ መሣሪያ ደግሞ ቤዙ በመታ ቁጥር ስለሚያፏጭበት፣ አውልቆ ኪሱ ከተተው። ቀድሞ ግማሽ የሚሰማው ሰው፣ በእርስዎ ምክር ምንም የማይሰማ ሆነ።

4ኛ. ዳዴ ስላስባሉኝም አመሰግናለሁ። ስልክ ደውዬ ስሞታዬን ባሰማሁ ጊዜ የማኅበሩን ታላቅ ምስጢር ገለጡልኝ፤ ሳጥኑን ተመልካቹ በሚቀመጥበት ወንበር ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ ሰው በአራት እግሩ እየዳኸ ወለሉን ይዙር፣ ድምፁ ያማረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሳጥኑ እዚያ ይተከል አሉኝ። አባቴን ከወንበሩ አስነስተን ደረጃ ላይ አስቀመጥነው። ሳጥኑ በአባቴ ወንበር ላይ እንደ ንጉሥ ተሰየመ። ፊልሙን ከፈትንና የሃምሳ ሁለት ዓመቷ እኔ፣ በቤተ ክርስቲያን ቀሚሴ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ጀመርኩ። ድዌይን "ወደ ግራ! አንቺ፣ ወደ ግራ በይ እንጂ!" እያለ በሳቅ ይንፈራፈራል።

በማሞቂያው ሥር ስደርስ ቀና አልኩ። ከወለል ሲታይ ቤት ሌላ ነው። አባቴ ከደረጃው ላይ ሆኖ ስክሪኑን አያይም ነበር። የሚያየው የድዌይንን ፊት ነበር፤ ድዌይን ሲስቅ ይስቃል፣ ድዌይን ዝም ሲል ዝም ይላል። ቀጥሎ ዓይኑ እኔን ፈለገ፣ በወለሉ ላይ አገኘኝ፣ እኔ ስላልሳቅሁ ሳቁን አቋረጠ። ስንት ቅዳሜ ከጎኑ ተቀምጬ ፊልም አይቻለሁ፤ ፊልሙ የእኛ ፊት መሆኑን ግን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። አፈርኩ። እዚያው እንደተንበረከክሁ አለቀስኩ፤ ድዌይን ጉልበቴን ያመመኝ መሰለው።

5ኛ. ቤዝ ሳጥኑ የሚያምርበትን ቦታ ስላገኘሁ አመሰግናለሁ። ጋራዡ ነው።

የቀረውን በአጭሩ ልንገርዎ። ያን ቡናማ ሳጥን ከፍሪዘሩ ጀርባ አውጥቼ አቧራውን ጠረግሁ፤ ድዌይን ንግግሩ ከሚወጣበት መስመር ጋር አገናኘው። በሁለት የወተት ሣጥን ላይ ደርበን፣ በስክሪኑ ሥር፣ ከአባቴ ጆሮ ትክክል አቆምነው። አባቴ ወንበሩ ላይ ተመልሶ የጆሮ መሣሪያውን ከኪሱ አወጣ። ያየነው ሦስት ጊዜ አብረን ያየነውን፣ ሁለት ሰዎች አንዲት አሮጌ ጀልባ ለመጠገን የሚጨቃጨቁበትን ፊልም ነበር። በአሥረኛው ደቂቃ ላይ አባቴ "ለካ ወንድሙ ነው!" ብሎ ጮኸ። ሦስቱንም ጊዜ ጎረቤቱ መስሎት ነበር የኖረው። ከዚያም አንዱ ሰውዬ ስለ ሚስቱ ምግብ የሆነ ነገር ተናገረና አባቴ ሳቀ፤ ማንንም ሳያይ፣ ከእኛ ቀድሞ ሳቀ። እኔና ድዌይን ተያየን፤ ቀልዱ አምልጦን ነበር።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ባይመክሩን ኖሮ ያን ሳጥን ባልገዛን፣ ባይገዛ ባላስጮኸ፣ ባያስጮህ ባልዳህሁ፣ ባልድህ የአባቴን ፊት ባላየሁ ነበር። ስለዚህ ምስጋናዬ የእውነት ነው፤ የቀይ ሥሩ ምንጣፍም እንደ መታሰቢያ ተጠቅልሎ ይጠብቅዎታል። ሜትርዎ አይጠር፣ ጭብጨባዎ አይንጠፍ፣ የሚመክሩትም ክፍል ከእንግዲህ የራስዎ ይሁን።

በጉልበቷ ተንበርክካ የተማረች ታዛዥዎ፣
ማርሊስ ቶሌፍስሩድ
የሁለት የወተት ሣጥኖችና የአንድ ጸጥ ያለ ጋራዥ ባለቤት

ተጨማሪ፦ አባቴ የሐሙስ ፕሮግራምዎን በክፍሉ ሆኖ ለስድስት ዓመት አንድም ቀን ሳያመልጠው፣ በፈገግታ ራሱን እየነቀነቀ ተከታትሏል፤ በከተማው እንደ እሱ የሚያከብርዎ ሰው አልነበረም። ባለፈው ሐሙስ ግን ምድር ቤት ወርዶ በቡናማው ሳጥን በኩል፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማዎት። ሲያበቃ የጆሮ መሣሪያውን በቀስታ አውልቆ ኪሱ ከተተና ወደ እኔ ዞሮ፣ "ለየት ያለ ነው" አለኝ።