ጉባኤው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ስለሞተችው እህቴ

ለዜማ ንድፈ ሐሳብ ተመራማሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር
ለዶክተር ልዑልቃል
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የማዕዛ ሽሻይን ያለፈቃድ መቅረት ይመለከታል

የተከበሩ ዶክተር፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ እርስዎም ሆኑ የሥራ አመራር አባላቱ ሁሉ ፍጹም ጤና እንዲኖራችሁ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምመኘው ለወግ ያህል ብቻ አይደለም። በማኅበሩ ደንብ መሠረት መታመም የሚቻለው ጉባኤው ከአሥር ቀን በላይ ሲቀረው ብቻ መሆኑን በቅርቡ ስለተረዳሁ፣ ለእናንተም ስለምሰጋ ነው።

ስሜ ሃበን ሽሻይ ይባላል፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በዘንድሮው ጉባኤ ስለ ጋሽ ምንዳዬ የማሲንቆ አጨዋወት ጥናቷን ልታቀርብ የነበረችው የማዕዛ ታናሽ ወንድም ነኝ። ማዕዛ ድንገት ታማ ሆስፒታል በገባች በማግስቱ ያረፈችው ጉባኤው ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ነው። አርባዋ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀር ደግሞ ማኅበሩ በስሟ የጻፈው ደብዳቤ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ድረስ መጣልን። አባቴ ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ወይዘሪት ማዕዛ፣ በወቅቱ ሳያሳውቁ ከጉባኤው በመቅረትዎ ጽሑፍዎ ከጥናት መድበሉ የተሰረዘ ሲሆን፣ ለሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ጥናት እንዳያቀርቡ ታግደዋል።» እናቴ «ሁለት ዓመት ብቻ?» ብላ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ዕለት ነውና ማኅበሩን ከልብ አመሰግናለሁ።

ከምስጋናዬ ጋር ጥቂት ነጥቦችን በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ደንባችሁ የማይገኝ አቅራቢ ከአሥር ቀን በፊት ራሱ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። እህቴ በአንድ ቀን አርፍዳለች፤ ለዚህም ቤተሰቡ ይቅርታ ይጠይቃል። አሥር ቀን ሲቀር ጠዋት ማዕዛ ደህና ነበረች፤ እንዲያውም መኝታ ቤታችን ውስጥ ቆማ ጽሑፏን ስታነብ ሰዓት የያዝኩላት እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ደቂቃ ፈጀባት። የተፈቀደላት አሥራ አምስት ስለሆነ አባቴንና እናቴን የምታመሰግንበትን አንቀጽ አወጣችው። «እነሱ ያውቁታል፤ ዶክተሮቹ ግን ደቂቃ ይቆጥራሉ» አለችኝ።

2ኛ. ጉባኤው ሲከፈት እርስዎ ራስዎ ስሟን ጠርተው «ብዙ ተስፋ የጣልንባት ወጣት በሞት ተለይታናለች፤ ለአንድ ደቂቃ በኅሊና ጸሎት እናስባት» በማለትዎ ቤተሰቡ ተጽናንቷል። ደቂቃዋ ሠላሳ አንድ ሴኮንድ ነበረች፤ ሰዓት መያዝ ለምዶብኝ ነውና አይቀየሙኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ በዚያው ማይክሮፎን ስሟን ሦስት ጊዜ ጠሩ፣ ዙሪያዎን ቃኙ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ «አልተገኘችም» ብለው ጻፉ። ጠዋት ነፍስ ይማር ያሏትን ሰው ከሰዓት በኋላ መጠበቅ ታላቅ እምነት ይጠይቃልና አደንቅዎታለሁ። እኔም ጽሑፉን በቃሌ ስለማውቀው ላንብብላት ብዬ እጄን ባወጣ፣ ጸሐፊዋ ወይዘሮ ጀማነሽ ቀስ ብለው መጥተው «የኔ ልጅ፣ ደንቡ አቅራቢው በአካል ይገኝ ነው የሚለው፤ እሷ ትምጣና እናስተናግዳታለን» አሉኝ። ያሉትን ራሳቸው ሲሰሙት ደነገጡና ብስኩት አመጡልኝ። ብስኩቱ ጥሩ ነበር።

3ኛ. ባዶ የቀሩት አሥራ አምስት ደቂቃዎች እንዳይባክኑ በማሰብ የራስዎን ንግግር ስላራዘሙባቸው አመሰግናለሁ። የእህቴ ጥናት፣ ጋሽ ምንዳዬ አንቺሆዬ በሚባለው ቅኝት ሲጫወቱ ሁለተኛዋን ድምፅ አብራቸው እንደምትዘፍነው ሴት አወጣጥ ትንሽ ከፍ ወይም ትንሽ ዝቅ እንደሚያደርጓት በአርባ ሦስት የድምፅ ቅጂ ያሳያል። የእርስዎ መጽሐፍ ደግሞ ያቺ ድምፅ ከቦታዋ ንቅንቅ እንደማትል ያስተምራል። በእነዚያ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ውስጥም ንቅንቅ አላለችም። ለሻይ እረፍቱ እንዲጫወቱ ተጋብዘው ጥግ ላይ ተቀምጠው የነበሩት ጋሽ ምንዳዬ ተነሥተው «ዶክተር፣ ይቅርታ፣ ጣቱ እኮ የኔ ነው» ቢሉ፣ እርስዎ «አባባ፣ የእርስዎ ፕሮግራም ሻይ ላይ ነው» አሏቸው። አዳራሹ ሳቀ። ጋሽ ምንዳዬም አብረው ሳቁ፤ ሰው ማሳፈር አይወዱም።

4ኛ. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ልመና ነው። ማዕዛ እነዚያን ዜማዎች የቀዳችበት የካዛንቺሱ አዝማሪ ቤት ፈርሷል። ከጋሽ ምንዳዬ ጋር ትዘፍን የነበረችው ጽገረዳ ከሰፈሩ ከወጣች በኋላ ስልኳ አይሠራም። ጥናቱን ማንም ደግሞ ሊሠራው አይችልም፤ እህቴም ሌላ አትጽፍም። መድበሉ በዚህ ወር መጨረሻ ማተሚያ ቤት እንደሚገባ ሰምቻለሁ። እባክዎን ጽሑፏ በስሟ ይታተም። እገዳውን ግን ማንሣት አያስፈልግም፤ ሁለቱን ዓመት በትዕግሥት ትፈጽማለች።

ለሕግና ለሥርዓት ያላችሁ ታማኝነት ሞትን እንኳ ምክንያት አድርጎ የማይቀበል መሆኑን በማየቴ የተሰማኝን ጥልቅ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅበሩም ያልተቋረጠ ጉባኤ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ

ታናሽዎ ሃበን ሽሻይ
ጎተራ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእርስዎን መልስ እየጠበቅን፣ የፊታችን ቅዳሜ በስምንት ሰዓት ወሎ ሰፈር፣ የአክስቴ የዘውዲ ካፌ ፎቅ ላይ እኔ የማዕዛን ጥናት አነባለሁ፤ ጋሽ ምንዳዬም እያንዳንዱን ምሳሌ በማሲንቋቸው ይጫወታሉ። ከፊት ወንበር ይዘንልዎታል። ሥራ በዝቶብዎ ባይመጡም አይጨነቁ፤ እኛ ዘንድ ያልመጣ ሰው ስሙ አይሰረዝም።